የጋሽ ወልዴ ጥጆች ምንም አይሉም

የራስን ንብረት ማሞገስ ለእኛ ሰዎች ያልተሰጠ ጸጋ ነው። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ አባት ስለ ትምህርቱ ሲጠየቅ «ይሞክራል» ብሎ ያልፋል፤ የሰው ዓይን አይታወቅምና። ልማዱ ልጆቻችንን ሳይጠብቅ አልቀረም። ለጥጃ ሻጭ ግን፣ ያውም ለቴክሳስ ጥጃ ሻጭ፣ ይሆናል ትላላችሁ?

ጋሽ ወልዴ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ከማኪኒ ከተማ ወዲያ መሬት ገዙ፤ ላሞች አስገቡ፤ ላሞቹም ሰባት ጥጃ ሰጧቸው። ዘንድሮ ሣሩ ያለጊዜው ደረቀ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ጥጆቹ ካልተሸጡ መሬቱ ተሸጦ ቀድሞ ወደሚኖሩበት ከተማ ወደ ሳክሲ እንደሚመለሱ ቁርጡን ነገሯቸው።

መሸጫው ሁለት ነው። አንዱ ጥጆቹን ትሬለር ላይ ጭኖ ሰፈር ካለው የከብት ጨረታ አዳራሽ መውሰድ ነው፤ የመጫኑና የመንገዱ ድካም ግን ያከሳቸዋል። ሌላው ቪዲዮ ቀርጾ በኢንተርኔት ማጫረት ነው፤ ጥጃው ከመስኩ ሳይነቃነቅ ይሸጣል። ጋሽ ወልዴ ምክር ጠየቁኝ፤ የተማርኩ ነኝና ሁለተኛውን መከርኩ። የአገራችን ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ሲል ማስጠንቀቁ እንደነበር ያኔ ትዝ አላለኝም።

ፎርሙ ላይ የጥጆቹ ሁኔታ ተጠየቀ። ጋሽ ወልዴ «ምንም አይሉም በል» አሉኝ። ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሻጭ ሁሉ ግሩም ናቸው ነው የሚለው ብላቸው፣ «እነሱ ቡዳ ስለማያውቁ ነው» አሉ። መጥፎ አይደሉም ብዬ በእንግሊዝኛ ሞላሁ። ለቪዲዮው ደግሞ ከፊት እንዳላነሳቸው ለመኑኝ፤ ኦንላይን ስንት ዓይን እንዳለ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ሶ፣ ከኋላ፣ ያውም ከሩቅ ቀረጽኩ። በጨረታው ዕለት ሰባት ጭራ ዝንብ ሲያባርር በመላው አሜሪካ ታየ። ዋጋ የሰጠ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ትሬለር ተከራይተን ጨረታ አዳራሹ ሄድን። ጥጆቹ ወደ መሐል ሲገቡ ጠጉራቸው ያብረቀርቃል፤ ሽንጣቸው ሞልቷል። ከጎናችን የተቀመጠ ባለባርኔጣ ሽማግሌ የእርስዎ ናቸው ወይ፣ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት እያዩ፣ መጥፎ አይደሉም፣ ትንሽ ከስተዋል አሉት። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መሬቱ ሲሸጥ ታየኝ።

ሽማግሌው ጥጆቹን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ መልሶ ጥጆቹን አየ። ኋላ እንደነገረኝ፣ የራሱን ጥጃ የሚያማ ሻጭ አጋጥሞት አያውቅም፤ ይህ ሰው ወይ መሸጥ አይፈልግም፣ ወይ መዋሸት አይችልም ብሎ ደመደመ። በሁለቱም መንገድ መግዛት ነበረበት። እጁን አነሳ። ማዶ ያለው ነጋዴ ደግሞ ሽማግሌው የሰማው ነገር አለ ብሎ አነሳ። አጫራቹ ትንፋሽ እስኪያጥረው ተፎካከሩ፤ የዚያን ቀን የጋሽ ወልዴን ጥጆች ያህል ያወጣ አልነበረም። ትሕትናም ገበያ አለው ለካ፣ ጥጃው ፊቱን ካሳየ።

ስንመለስ እትዬ አስቴር ደወሉ፤ እንዴት ሆነ አሉ። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምንም አይልም» ብለው መለሱ።

እትዬ አስቴር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ያህል?» አሉ። «በል እንግዲህ፣ መሬቱ ይቆይ።»