ስም ያልተጻፈበት ጥሪ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቀኑን ሙሉ «እሺ» ከምትል ቃል ሌላ የሰው ቃል ሳትሰሙ ውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሳምንቱን እንዲሁ ገፍቼው አውቃለሁ። እሷም ብትሆን በጆሮዬ የሰማኋት አይደለችም፤ ኮምፒውተር ላይ ያነበብኳት ናት። አንዳንዱ ደንበኛማ እሷንም ይሰስታል። ቀና ያለች አውራ ጣት ይልክልኝና ይገላገለኛል።

የማወራችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ የዲዛይን ቤት ከፍቼ ስለነበረበት ጊዜ ነው። ወጣቱ ስልኩ ላይ ያጎነበሰበት፣ መንግሥትም «ተደራጁ፣ ሥራ ፍጠሩ» እያለ ጠዋት ማታ የሚሰብከን ዘመን ነበር። እኔም ፈጠርኩ። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የሱቅ ታፔላ፣ ብቻ ፊደልና ቀለም የነካው ነገር ሁሉ ሥራዬ ነው። ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት። ከመጋረጃው ወዲህ ሥራዬ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዬ። ሚስት የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ብነግራችሁ ወጋችን ስለሚረዝም እንለፈው።

መጀመሪያ የምሠራው በወረቀት ነበር። ወረቀት ስላችሁ ታዲያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ረቂቁን አትማለሁ፤ ባለጉዳዩ መጥቶ ያየዋል፤ በእስክሪብቶ ይሰርዛል፤ ይሄድና ወንድሙን ይዞ ይመለሳል፤ ወንድሙ ደግሞ የተሰረዘውን «መልሰው» ይለኛል።

የቡሬውን አቶ ዘለቀን ላንሳላችሁ። ልጃቸውን ሲድሩ የካርዱን ረቂቅ ለማየት ከቡሬ ድረስ በአውቶቡስ መጡ። አገላብጠው አዩና ምንም እንከን የለውም ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ከአማቻቸው ጋር ተመልሰው መጡ። አማችየው የሙሽሪት አጎት ስም ከአክስቷ ባል ስም በታች መውረዱ ለምን እንደሆነ እንዲነገራቸው ፈለጉ። ለምን ይሆናል? እኔ እንደ ሰጡኝ ነው የጻፍኩ! አጎትየው ተጠሩ። የአክስቷ ባል ተጠሩ። እኔ ቤት፣ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ሽምግልና ተቀመጡላችሁ። እኔንም ዳኛ አደረጉኝ። በመጨረሻ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይሁኑ ብዬ ፈረድኩና ታረቁ። ምሳ አብረን በላን፤ ሠርጉም ላይ ከዘመድ መካከል አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ ግን ምርር ብሎኝ ነበር። ምነው እነዚህ ሰዎች እቤታቸው ተጣልተው ጨርሰው ቢመጡ፣ እል ነበር።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ባሕር ዳር ለሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ወረቀት ያለፈበት ነገር እንደሆነ አስረዳን። ትዕዛዝ በኢንተርኔት ተቀበሉ፣ ረቂቁን በኢሜይል ላኩ፣ ሥራችሁን እዚያው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ፣ ደንበኛችሁ ከቤቱ ሳይወጣ ጉዳዩን ይጨርስ፣ አለን። ሌላው ሠልጣኝ ሻዩን ጠጥቶ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። እኔ አመንኩ። ምን ላድርግ፣ ሲነግሩኝ የማምን ሰው ነኝ።

ፍኖተ ሰላም እንደ ተመለስኩ የቀረኝን ወረቀት በሙሉ ለጎረቤት ባለሱቅ ሰጠሁት፤ በርበሬ ጠቀለለበት። ማተሚያዬ ላይ ጨርቅ ጣልኩበት። የሚታተመውን ባሕር ዳር ላለ ማተሚያ ቤት በኢንተርኔት እልካለሁ፤ ታትሞ በአውቶቡስ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈትኩና የሠራሁትን የሠርግ ጥሪ፣ የክርስትና ጥሪ፣ የተዝካር ጥሪ ሳይቀር ሰው አይቶ እንዲያዘኝ እየለጠፍኩ ማሳየት ጀመርኩ።

እና ታዲያ አንድ ቀን የሽንዲ ገበሬ ታፔላ ሊያሠሩ መጡ። ለልጃቸው የእህል መጋዘን ነው። ትዕዛዝ የምንቀበለው በኢንተርኔት ነው አልኳቸው። እዚሁ ፊትህ ቆሜ? አሉኝ። አዎ፣ አሠራራችን ነው አልኩ። ቆይ ላሳይዎት ብዬ እጃቸውን ይዤ አጠገቤ ካለው ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳቸው። እሳቸው እየነገሩኝ እኔው ጻፍኩ፤ እኔው ለራሴ ላክሁ። ከዚያ ትዕዛዙን ልቀበል እየሮጥኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ሰውየው በር ላይ ቆመው፣ «አይ ልጄ፣ መልእክቴ መንገድ ላይ ሳለች ቀድሜያት ደረስኩ» ብለውኝ ሄዱ። ታፔላውን ደምበጫ አሠሩት መሰለኝ።

እሳቸው ቢሄዱም ሥራው አልጠፋም። እንዲያውም በዛ። የገበሬው ልጅ ከባሕር ዳር፣ የነጋዴው ልጅ ከአዲስ አበባ ያዛል፤ «እሺ» ይላል፤ ያልቃል። የጠፋ ሰው ነው። የቤቴ አግዳሚ ወንበር አቧራ ለበሰ። አጎት የለ፣ አማች የለ፣ የሚያፈጥብኝ የለ። ጠዋት በር እከፍታለሁ፣ ማታ በር እዘጋለሁ። ከፋኝ፤ ዝም ብሎ ከፋኝ። አንዳንዴ የሰው ድምፅ እንድሰማ ብዬ መናኸሪያው ሄጄ እቆማለሁ። ረዳቱ «ቡሬ! ቡሬ! ቡሬ ነህ?» ይለኛል። አይ፣ አይደለሁም እላለሁ። ደስ የሚለኝ ግን መጠየቁ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ተንኮል ጀመርኩ። የአንዱን ሙሽራ አባት ስም ሆን ብዬ ከካርዱ ዘለልኩት። ጎጃም ውስጥ የአባትን ስም ዘልለህ በሰላም ትውላለህ? ዱላውን ይዞ መምጣት አለበት! ቤቴን ጠረግሁ፣ አግዳሚውን ወለወልኩ፣ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መልሱ በኢሜይል መጣ። አባትየው ቀርተዋል፣ ይግቡ፣ እናመሰግናለን ይላል። እናመሰግናለን! ኧረ የሰው ያለህ! ስድብ ለምኜ ምስጋና ላኩልኝ።

በዚህ መሀል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ሚካኤልን የምትዘክር እናቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና። እሷ ካረፈች ወዲህ ተቋርጦ ነበር። ዘንድሮ እኔው እዘክራለሁ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚካኤል ፍቅር ብቻ አይደለም የገፋኝ። አንድ ቀን እንኳ ቤቴ በሰው ሞልቶ፣ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ «እስቲ ጠጋ በሉ» ሲባባል ማየት ፈልጌ ነው። የምፈልገው ያችን «ጠጋ በሉ» ነበር።

ጠላውን የጠመቁልኝ፣ ድፎውን የደፉልኝ አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ እጃቸው ግን አይሰስትም። ሰው ጠራህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጠርቻለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነዋ! እንደዚያ ያማረ ጥሪ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ከላይ የመልአኩ ሥዕል፣ ከዳር ዳር ሐረግ፣ ከታች «በቤቴ ተገኝታችሁ ጸበል ጻዲቅ እንድትቀምሱ በአክብሮት ጠርቻችኋለሁ» የሚል። ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ወዲያው ሰው ተረባረበበት! ላይኩ ጎረፈ። «በርታ» አለ አንዱ። «እንዴት ያምራል» አለ ሌላው። «እጅህን ይባርከው» ያለም አለ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ከመቶ በላይ ሰው ደስ ብሎታል አልኳቸው። እሳቸውም ደነገጡና ሌላ እንስራ ተዋሱ።

ቀኑ ደረሰ። ከጎረቤት ወንበር ለቃቅመን ደረደርን። መምሬ አስናቀ መጥተው ጸሎቱን አደረሱ፤ ዳቦውን ባረኩ። ከዚያ ተቀመጥን። እኔ፣ መምሬና እትዬ ጥሩወርቅ። ባዶ ወንበር ብዙ ሲሆን እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቃላችሁ? የሚያያችሁ ይመስላችኋል። ስድስት ሰዓት አለፈ። መምሬ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለስ ነው አሉ። ሰባት ሰዓት አለፈ። መምሬ ወደ በሩ አዩ። እትዬ ጥሩወርቅ እንስራዎቹን አየት፣ እኔን አየት ያደርጋሉ። እኔ ስልኬን አያለሁ። ስልኬ ላይ ላይኩ አሁንም እየጨመረ ነው።

በመጨረሻ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፊት ለፊት ያለውን ፀጉር አስተካካይ፣ ጌትነትን፣ ይዘውት መጡ። ጌትነት የዘወትር ጎረቤቴ ነው፤ ጥሪውንም መጀመሪያ ላይክ ያደረገው እሱ ነው። ምነው ቀረህ አልኩት። እሱም ክው ብሎ፣ «እንዴ! ያንተ ነው እንዴ? እኔኮ ሥራህ መስሎኝ!» አለኝ።

ገባችሁ? እንደ ሌላው ጊዜ የሰው ድግስ ካርድ ሠርቼ ያሳየሁ መስሎት ነው። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም። «በርታ» ያለኝ ለሥራዬ ነው። «እጅህን ይባርከው» ያለኝም ለሐረጉ ነው። ጌትነት ደግሞ ጨመረልኝ። የጥሪ ካርድ ሲሆን «ለአቶ» ብሎ ነጠብጣብ አለው፣ ነጠብጣቡ ላይ የተጠሪው ስም በእጅ ይጻፋል አለኝ። ያንተ ላይ ስሜን ፈለግሁ፤ የለም፤ ማን ጠራህ ብባል ምን ልል ነው፣ አለኝ። እውነቱን ነው። ነጠብጣቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በእጅ የሚጻፍበት ነገር ከሌለ ነጠብጣብ ምን ያደርጋል ብዬ!

ጌትነት ዳቦ ቆርሶ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ቁሞ ጨለጠና ደንበኛ ግማሽ ተላጭቶ ወንበር ላይ እየጠበቀው ስለሆነ ሮጠ። መምሬም ሌላ ቤት ዝክር ነበረባቸው። ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ጓዳ ገብተው ዕቃ እያንኳኩ ለብቻቸው ሲነጫነጩ ይሰማኛል። እንባዬ መጣ። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም፤ ሰው የለማ።

ይኸኔ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ወጣት ነው፤ ኮቱ አቧራ ጠጥቷል። በእጁ ጧፍ ይዟል። ለሥራ የመጣ መስሎኝ፣ ዛሬ ዝግ ነው አልኩት። ይቅርታ፣ የሚካኤል ዝክር እዚህ አይደለም ወይ አለኝ።

መምህር ነው። ስሙ ይርጋ ይባላል። የወሎ ልጅ ነው፤ ደጋው ላይ ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ ተመድቦ መጥቶ ገና ዓመት አልሞላውም። ጥሪውን ደምበጫ ለጉዳይ ወርዶ ስልኩ ላይ አየው፤ ቤቴንም ገጼ ላይ ባለው አድራሻ ጠይቆ አገኘው። ከፈረስ ቤት ደምበጫ፣ ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ሲል፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ነው ያረፈደው። ከእኔ ጋር አይተዋወቅም። ማንንም አያውቅም። ስም እኮ አልተጻፈበትም፣ እንዴት መጣህ አልኩት።

«ስም ስላልነበረው ነው የመጣሁ» አለኝ። «ስም ቢኖረውማ የእኔ አይሆንም ነበር።»

አስቀመጥኩት። ቆርሼ ሰጠሁት፤ በላ። ቀዳሁለት፤ ጠጣ። ጠጋ በል እንዳልል ዙሪያው ሁሉ ወንበር ነው፤ እኔው ጠጋ አልኩ። ስለ ተማሪዎቹ አወራኝ፣ ስለ ደጋው ብርድ አወራኝ፣ ማታ ማታ ለማን እንደሚያወራም ነገረኝ። ለራዲዮኑ ነው። እኔም ለኮምፒውተሩ እንደማወራ ነገርኩት። ሳቅን። ከዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው!

ሊሄድ ሲነሣ አንድ ነገር እንዳስቸግርህ አለኝ። ጥሪውን ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ስሙን ጽፌ እንድሰጠው ለመነኝ። ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ነው። ለሚመጣ ሰው ማሳያ አይደለም፤ የሚመጣ ሰው የለም። ለራሱ ነው።

ይኸን ያህል ለምኖኝ እምቢ እላለሁ? ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። የለም! ከመጋረጃው ወዲህ የለም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የለም። የማተሚያው ቀለም ደርቋል። የዲዛይን ቤት ነኝ ብዬ ታፔላ ሰቅዬ፣ የሰው ስም የምጽፍበት ቁራጭ ወረቀት አጣሁ። በመጨረሻ ጓዳ ገባሁና ስኳር ከመጣበት የካኪ ከረጢት ላይ አንዱን ጎን ቀደድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ምን ልታደርግበት ነው ብለው አፈጠጡብኝ። በታፔላ ብሩሼ፣ በቀይ ቀለም፣ «ለክቡር መምህር ይርጋ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም «ጸበል ጻዲቅ እንዲቀምሱ በአክብሮት ጠርቼዎታለሁ» አልኩበት።

ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያለ ቆመ። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው። ሄደ ብዬ ወንበሩን ላነሣ ስል በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች!» አለ ይርጋ ከውጭ፣ ገና አሁን እንደ ደረሰ እንግዳ።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ ጠላውን በጆግ ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቷል። «መጡልህ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ መጡ» አልኳቸውና ልከፍት ሄድኩ።