የኢሪያ ሥልጣን እስከ በግ

ሹም የተባለ ሁሉ የማይችለው ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴን ጋሼ ፈረደን አውቃለሁ። በጎንደር አገራቸው ጭቃ ሹሙ ግብር ይሰበስባል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የጠፋ በሬም ያፈላልጋል። እስራኤል መጥተው አሽቀሎን ከተማ ሲገቡ ታዲያ ኢሪያን፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱን፣ እንደዚያው ቆጠሩት።

ይፈረድባቸዋል? ለበዓል የገዙትን በግ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ቢያስሩት የኢሪያ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሕግ አምላክ አስወጣባቸው። በግ ያስወጣ መንግሥት ምን ይሳነዋል?

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው፣ አፍሪዳር ሰፈር ካለው የኢሪያ ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። ጠጉሯ የሸበተ ጸሐፊ ጉዳያቸውን ጠየቀች።

«ልጄ ስገባ ከመቀመጫው አይነሳም። በአማርኛ ስጠራው በዕብራይስጥ ይመልስልኛል። በጌን ባስወጣችሁበት አፍ ልጄንም እዘዙልኝ!» አሉ።

ምን ላድርግ? እንዳለ ተረጎምኩት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የኢሪያ ሳምኹት፣ ማለት ሥልጣኑ፣ በቆሻሻ፣ በመንገድ መብራትና ግቢ ውስጥ በሚታሰር ከብት ላይ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳች። ልጅ ግን የለበትም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ሥልጣኑ ቢኖረንማ መጀመሪያ የማስነሳው የራሴን ልጅ ነበር» አለች።

ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ፈረደ ከወንበራቸው ብድግ አሉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

«እግዚአብሔር ሥልጣን ይጨምርልሽ፣ ልጄ!»