ዚንኩ እንዳይበላ

[ባሕር ላይ ከተሠራ ድልድይ ሥር። ሁለት የጥገና ሠራተኞች። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ሊቁ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። የሚስቱ ወንድም ቀስታው መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የድልድዩ የሲሚንቶ እግር ላይ የታሰሩትን የዚንክ ቁራጮች ቀለም ይቀባል።]

ቀስታው፦ ባልዲዋን አቀብለኝ እንጂ፣ ጋሼ!

ሊቁ፦ ተቀምጬባታለሁ አላልኩህም?

ቀስታው፦ ታዲያ ብሩሼን በምን ልጠብ?

ሊቁ፦ ምን ያሳጥብሃል? ገና ሦስተኛው ዙር ይቀርሃል።

ቀስታው፦ ሁለተኛው አልደረቀም።

ሊቁ፦ አንተ እስክትጨርስ ባሕሩ ይደርቃል!

ቀስታው፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ሊቁ፦ እምቢ ብልህስ ልትተወኝ ነው?

ቀስታው፦ ዚንኩን ለምንድን ነው የምንቀባው?

ሊቁ፦ ጨዉ እንዳይበላው ነዋ! አምና ሲታሰር ጡብ ያክል ነበር። ዛሬ እየው፣ ያለቀ ሳሙና መስሏል።

ቀስታው፦ ዚንኩን እንዳይበላ ካደረግነው... ጨዉ ምን ይበላል?

ሊቁ፦ ምን ይበላል ማለት? ምሳ ልንጋብዘው ነው?

ቀስታው፦ አይ፣ የሆነ ነገር ሳይበላ አይሄድም ብዬ ነው።

ሊቁ፦ [ወደ ባሕሩ ዞሮ] እህቱን ሳገባ ይሄ ምርቃት መሆኑን ማን ነገረኝ!

ቀስታው፦ አለቃችን ኢንጂነሯ ግን “ሲበላ ንገሩኝ” ነበር ያሉት።

ሊቁ፦ አየህ፣ አሳስቧቸዋል! አሁን ደውዬ “ከእንግዲህ አይበላም” ስላቸው ፎርማን ያደርጉኛል። ለእህትህ ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። መመለሻ የለኝም።

ቀስታው፦ ኢንጂነሯን ጠይቀሃቸዋል?

ሊቁ፦ ሊቅ ይጠየቃል እንጂ ይጠይቃል? ዝም ብለህ ቀባ!

ቀስታው፦ እሺ። [ሦስተኛውን ዙር ቀብቶ ይጨርሳል።]

ሊቁ፦ [ስልክ ደውሎ] ሄሎ፣ ኢንጂነር! የምሥራች! ጨዉ ዚንኩን ከእንግዲህ አይነካውም!... ቀባነዋ!... ሦስት ዙር!... [ከባልዲው ይነሳል] እኔ? ድልድዩን እንዴት አድርጌ ነው የገደልኩት?... [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] አንተ፣ ጨዉ ዚንኩን ካልበላ ፌሮውን ነው የሚበላው ይላሉ!

ቀስታው፦ አዎ፣ ሲሚንቶው ሆድ ውስጥ ያለውን ብረት። ከዚንኩ ጋር በሽቦ ተያይዘዋል። ጨዉ በብረቱ ፈንታ ዚንኩን ይበላል። ዚንክ ቢያልቅ በአዲስ ይቀየራል። ብረቱ ከዛገ ግን አብጦ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል።

ሊቁ፦ ይሄን ከየት አመጣኸው?

ቀስታው፦ አምና ስላልገባኝ ጠየቅኳቸው።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?!

ቀስታው፦ ልነግርህ ስል “ዝም ብለህ ቀባ” አልከኝ።

ሊቁ፦ አለቀልኝ! ፎርማንነቱ ቀርቶ ከሥራም መባረሬ ነው። ሦስት ዙር ቀለም አሁን በምን ይነሳል?

ቀስታው፦ በጥፍር። [የአንዱን ዚንክ ጫፍ ቆንጥጦ ይስባል። ቀለሙ ከነፌስታሉ ተገፎ ይወርዳል፤ ዚንኩ ጠብታ እንኳ አልነካውም።] ከመቀባቴ በፊት ሁሉንም ፌስታል አልብሻቸዋለሁ።

ሊቁ፦ [ፌስታሉን አቅፎ] ቀስታዬ! የእናቴ ልጅ! [በስልኩ] ኢንጂነር፣ ዚንኩ ደህና ነው! ፌስታል ለብሶ ነበር!... ማን አለበሰው?... የሚስቴ ወንድም።... እሺ።... እሺ፣ እነግረዋለሁ። [ይዘጋል።] ከነገ ጀምሮ ፎርማኑ አንተ ነህ።

ቀስታው፦ ውይ! እኔ?

ሊቁ፦ [ባልዲዋን አንስቶ እያቀበለው] እንካ፣ አለቃ። አሁን እህትህን ምን እላታለሁ? ቁጣዋን ታውቀዋለህ!

ቀስታው፦ አንተ ምንም አትበል። ቀድሜ እኔ እገባለሁ። ቁጣዋን እኔ ላይ ትጨርሰው።

ሊቁ፦ አንተን ብትጨርስህስ?

ቀስታው፦ ትቀይረኛለሃ! ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉን።