አንድ ታንከር፣ ሁለት ቧንቧ

[የላቦራቶሪ ደጃፍ። የቧንቧ ሠራተኛ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የታላቅየው የጠበበች የልብ ደም ሥር በቅርቡ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገብቶባት ተከፍታለች። ደሙ እዚያ እንዳይረጋ የሚውጠው ኪኒን ይሠራለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሙ የዘር ምርመራ አዞለታል። መርፌ ግን አጥብቆ ይፈራል።]

ታላቅየው፦ የአባባን ጆሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩህ!

ታናሽየው፦ ኧረ ጋሼ! የአባባ ጆሮ ትንሽ ነበር። ያንተ የበር እጀታ ያክላል። አንተ የወሰድከው ልቡን ነው፤ እሱም በዚሁ ነው የሄደው።

ታላቅየው፦ እሱን ተወው! አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ አንድ ደም። ስለዚህ ገብተህ በእኔ ስም ደም ትሰጣለህ።

ታናሽየው፦ አንተስ?

ታላቅየው፦ እኔ... ቦርሳ እጠብቃለሁ።

ታናሽየው፦ ቦርሳ አልያዝንም እኮ።

ታላቅየው፦ እንግዲያው ወንበሩን እጠብቃለሁ! ስማ፣ ይሄ ኪኒን ሲዋጥ እንቅልፍ ላይ ነው። የሚቀሰቅሰው ጉበት ነው። የአንዳንዱ ሰው ጉበት ደግሞ በዘር ሰነፍ ነው፤ መቀስቀስ አይሆንለትም። ለሱ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ገባህ?

ታናሽየው፦ ገባኝ። የኔ ጉበት ጎበዝ ከሆነ ኪኒኑን ማን ይውጣል?

ታላቅየው፦ እኔ።

ታናሽየው፦ ያንተ ሰነፍ ከሆነስ ማን ይሞታል?

ታላቅየው፦ [ደረቱን ዳሰስ አድርጎ] አፍህን ዝጋ! ወንድማማች አይደለንም? አንድ ታንከር፣ ሁለት ቧንቧ ማለት ነን።

ታናሽየው፦ ለጎረቤታችን ካንድ ታንከር ሁለት ቧንቧ ዘርግተህ የለ? የላይኛው እስከ ዛሬ አየር ነው የሚተፋው።

ታላቅየው፦ እሱ የዕቃው ችግር ነው!

ታናሽየው፦ አንተ ራሰ በራ፣ እኔ ባለ ጎፈሬ። ይሄስ የማን ዕቃ ችግር ነው?

ታላቅየው፦ [መላጣውን እያሻሸ] ግባ ብያለሁ ግባ! ታላቅህ ነኝ!

[ታናሽየው ትከሻውን ነቅንቆ ይገባል። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል።]

ታላቅየው፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] አመመህ? መርፌዋ ምን ታክላለች?

ታናሽየው፦ መርፌ የለም።

ታላቅየው፦ አልቆባቸው ነው?

ታናሽየው፦ ኧረ! በጥጥ ጉንጭን ከውስጥ ጠረግ ማድረግ ነው። በቃ።

ታላቅየው፦ [ብድግ ብሎ] ታዲያ ተጠረግክልኝ?

ታናሽየው፦ እምቢ አሉ። ስምህ ማን ነው ሲሉኝ የራሴን ተናገርኩ። ወንድማማችም ቢሆኑ ከአባትና ከእናት የሚደርሳቸው ይለያያል፣ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ አሉ።

ታላቅየው፦ ለጥጥ ነው እንዴ ስፈራ ያረፈድኩት! [ደረቱን ነፍቶ ወደ በሩ እየተራመደ] ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?

ታናሽየው፦ ምንም። አፉን ብቻ ይክፈት አሉ። እሱስ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው አልኳቸው።