የእትዬ ቦሼ ግቢ አፍንጫ

የሚከራይ ግቢ ሁሉ አራት ነገር አንድ አንድ ይኖረዋል፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ አንድ አፍንጫ። ሦስቱ ይበላሻሉ። አፍንጫው ግን ውኃ ቢቋረጥም መብራት ቢጠፋም ሥራ አያቆምም።

ሶዶ ውስጥ፣ በእትዬ ቦሼ ግቢ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በእህል መጋዘን ሲሠሩ፣ ጆንያ ሳይከፈት የነቀዘውን በቆሎ ከደህናው ይለዩ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን አስረከቡ፤ አፍንጫውን ግን ማንም አልተረከባቸውም። ዘመኑ ጎረቤት አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር። በዚያ ግቢ አምስት ሰው ማስቸገር አላስፈለገም፤ አንዱ ይበቃ ነበር።

አማርኛቸው፣ እንደ ብዙው ያገሩ ሰው፣ በወንድና በሴት ብዙም አይጨነቅም። አፍንጫቸው ግን የባለሱቁን የከድርን ፍሪጅ ከጎረቤታቸው ከዘነቡ ፍሪጅ ዓይኑን ታስሮ ይለያል።

የሦስተኛው ክፍል ተከራይ ምሕረት፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከእኚህ አፍንጫ ጋር ሁለት ዓመት ኖራለች። እሷ ስትቆጥረው ስድስት ነው። አንድ ቅዳሜ የባሏን ሱሪ በካውያ አቃጠለች። ባሏ ቦምቤ ከተማ የሚያስተምር፣ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ሰው ነው። ሱሪውን ፍራሽ ሥር ሸጉጣ፣ ነገሩን ከምሳ በኋላ ጨዋታ ሲደራ ልትነግረው አስባ ነበር። ጋሽ አንጁሎ የግቢው በር ላይ ተቀበሉት።

«እንኳን ደህና መጣህ። ሱሪህ ተቃጥላለች። ቴትሮኗ።»

ባለሱቁ ከድርም አልተረፈም። ደንበኛ በተሰበሰበበት «ፍሪጅህ ታማለች» አሉት።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ እንጂ። ከጀርባዋ ፌስታል ተጣብቆ እየቀለጠ ነው።»

ፍሪጁ ተገፍቶ ሲታይ፣ ፌስታል።

የወንጌላዊው ይስሐቅ ይብሳል። ተበላ ከተማ ሲያገለግሉ ለቆላው ሙቀት የገዙትን ቬንትሌተር ሶዶ ድረስ ይዘውት መጡ፤ በዳሞታ ተራራ ብርድ ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። በቤት ጸሎት ቀን ሰው ሲበዛ አበሩት። ሁሉም ዓይኑን እንደ ጨፈነ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤ «አሜን። መጀመሪያ የሸተተው አቧራ ነው፤ እሱ ችግር የለውም። አሁን ግን ሞተሯ ነች። አጥፏትና ጸሎቱ ይቀጥል።»

አጠፏት። ሞተሯ ነበረች። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ቢሳሳቱ ሰው ይወዳቸው ነበር።

እንግዲህ በእትዬ ቦሼ ግቢ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ክልክል ነው። ስቶቭ የተገኘበት ተከራይ በዚያው ቀን አልጋውን ያወጣል። የምሕረት ስቶቭ ደግሞ አልጋው ሥር ነው። የአምስት ወር ልጇ ቤኒ ሳንባ ምች ይዞት ዱቦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ሲሸኛት «ሙቀት አይለየው፤ የከሰል ጭስ ግን እንዳይደርስበት» ብሏታል። በሐምሌ፣ ሶዶ ላይ፣ ያለ ከሰል ሙቀት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንጁሎ በራቸውን ዘግተው ሲተኙ ጠብቃ ስቶቩን ትሰካለች። ሽታውን እንዲያዳፍንላት ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት የተፈጨ ዳጣ በሰሐን አድርጋ በሩ ሥር ታስቀምጣለች።

ፊውዙ በአንድ ሳምንት ሦስቴ ሲቃጠል እትዬ ቦሼ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ወጡ።

«አንጁሎ፣ አፍንጫህን ይዘህ ና። የዛሬውን ሰው አልምረውም።»

ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። አንደኛው ክፍል ምንም አልተገኘበትም። ሁለተኛው ላይ ጋሽ አንጁሎ «ካልሲ» ብለው አለፉ። ሦስተኛው የምሕረት ነው። ስቶቩን ነቅላ ከነትኩሳቱ ሳፋ ደፍታበታለች፤ ቤኒ አልጋው ላይ ተኝቷል። ጋሽ አንጁሎ ገብተው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፍንጫቸው ወደ በሩ፣ ወደ ኮርኒሱ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ሥር ዞረና እዚያው ቀረ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊት ለፊታቸው ያገኙት ቤኒን ነው። ምሕረት በልቧ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

«እህ?» አሉ እትዬ ቦሼ።

«አይጥ።»

«ምን?»

«የሞተች አይጥ። ኮርኒሱ ውስጥ። ሦስት ቀኗ ነው።»

«ፊውዜን አይጥ ነው የሚያቃጥለው?»

«ሽቦ በልታ ነዋ የሞተችው። ምን ገደላት ልትይ ነው፣ ብርድ?»

እትዬ ቦሼ አሰቡ። ያ አፍንጫ ተሳስቶ አያውቅም። «እንግዲያው ከከድር ዘንድ የፊውዝ ሽቦ ገዝቼ እስክመለስ አውጥተህ ጠብቀኝ» ብለው ሄዱ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ የሌለች አይጥ ፍለጋ መሰላል ወጡ። ምሕረት መሰላሉን ያዘች። ከወገባቸው በላይ ኮርኒሱ ውጧቸዋል፤ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። እግራቸውም ይመክራል።

«ምሕረት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሶኬትሽ ቀልጣለች። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ የሚቀልጥ ሶኬት ሽታው እንዲህ ነው፤ አንቺ ደግሞ ዓሣ አልገዛሽም። ሁለተኛ እንዳትሰኪያት፤ ሁላችንንም ታነደናለች።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዳጣውንም ተዪ። እኔን አያታልልም፤ ያስነጥሰኛል እንጂ።»

ምሕረት መሰላሉን አንዴ ነቅነቅ ሊያደርግ የቃጣውን እጇን እንደ ምንም ገታችው።

«ቤኒስ?» አለች። «ሐኪሙ ሙቀት ነው ያለው።»

እግሮቹ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ። «ቆይ፣ መጀመሪያ አይጧን ላውርዳት።»

ከኪሳቸው ፌስታል አውጥተው ኮርኒስ ላይ ያገኙትን ጋዜጣ ጠቀለሉበት፤ ቋጠሩት፤ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወረዱ። እትዬ ቦሼ በር ላይ ደረሱ።

«ላሳይሽ?»

«ወዲያ በልልኝ» አሉ እትዬ ቦሼ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው። «እንዴት ትከረፋለች። እኔስ ከትናንት ጀምሮ ሸትቶኝ ነበር።»

ጋሽ አንጁሎ ፌስታሉን በጥርጣሬ አዩት። እትዬ ቦሼ ወደ ቆጣሪው ሲያልፉ፣ ሽማግሌው ወደ ምሕረት ዞር አሉ።

«ልጁን ጠቅልለህ ተከተለኝ።»

የጋሽ አንጁሎ ቤት የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ከሽንት ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በዚያ በኩል ቆሞ አየር የሚስብ የለም፤ ምሕረትም ገብታ አታውቅም። በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ፤ አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው ሳፋ ገለጡ። ስቶቭ። ሶኬቱ ወፍራም፣ ሽቦው አዲስ።

«ለጉልበቴ ነው» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። «ሁለታችን እኩል ስንሰካ ነው ፊውዟ የምትሞተው። ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ብቻ ትበራለች። ልጁን ይዘሽ እዚህ ትመጫለሽ።»

የስቶቩ ሽቦ ቀላ። ቤኒ ሙቀቱ ሲደርሰው ጣቶቹን ዘርግቶ መልሶ ተኛ። ጋሽ አንጁሎ ግን ማረፍ አልሆነላቸውም። ፌስታሉን ፈቱ፤ ጋዜጣውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ አገላብጠው ደገሙት።

«ጋዜጣ ነው እኮ» አሉ። «ደረቅ ጋዜጣ። ምን ሸተታት ይቺ ሴትዮ?»

ምሕረት ልጇን እንዳትቀሰቅስ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ ስቶቩ ሳብ አደረገች።

«ይተዉአቸው ጋሼ። እስኪ ይንገሩኝ፣ እነ ዘነቡ ዛሬ ምን እየሠሩ ነው?»

ጋሽ አንጁሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ።