ጋሽ ትዕዛዙና የአባባ ፈንታ ፎቶ

«አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መመለስ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ አላየሁም። የእኛ የመሐል ሜዳው ጋሽ ትዕዛዙ ይባላሉ፤ ፎቶ ቤት አላቸው። በሌሉበት «ሊቀ ፒክስል» እላቸዋለሁ። «ዛሬ ይሠራሉ?» ብትሏቸው «ከመሠረቱ እንነሳ» ብለው ስለ ብርሃን ይጀምራሉ። መምህር ምንተስኖት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገብቶ፣ የሌንስ አሠራር ተምሮ፣ ፎቶውን ሳይነሳ ወጥቷል።

አክስቴ ይዘንጋሽ፣ ባላቸው አባባ ፈንታ ባረፉ በወሩ፣ እኔን አስከትለው ወደዚህ ሊቅ ሄዱ። አርባቸው እየደረሰ ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ «በር የሚያህል» ፎቶ እንዲሰቀል ፈልገዋል። ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ዘመዳችን ሰርግ ላይ አንስቶ በስልክ የላከልኝ። የእሱ ስልክ ከጠፋ ደግሞ ቆይቷል።

«ስንት ፒክስል ነው?» አሉ ጋሽ ትዕዛዙ።

«አንድ ፎቶ ነው» አልኩ።

«ከመሠረቱ እንነሳ።» ፎቶ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው፤ ነጥቡ ፒክስል ይባላል። የእኛ ስድስት መቶ በዘጠኝ መቶ ነው። ጥሩ ኅትመት ደግሞ በየኢንቹ ሦስት መቶ ነጥብ ይፈልጋል። «ስለዚህ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሁለት በሦስት ኢንች ነው፤ መዳፍ እንኳ አይሞላም።»

«ስልኬ ላይ እኮ ትልቅ ነው!»

«ትልቅ መስሎህ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ጠፋኝ። አክስቴ ግን ተቆጡ። «ፈንታ ሲቆም የበሩን ጉበን በአናቱ ይነካ ነበር። መዳፍ አይሞላም ትለኛለህ?»

«እሳቸውን አይደለም እማማ፤ ነጥቡን ነው።»

«ነጥቡን ተወውና ሰውየውን አትምልኝ።»

ሊቁ መንገድ ቀየሩ። «ለአንድ ማሳ የሚበቃ የገብስ ዘር አራት ማሳ ላይ ቢበትኑት ምን ይሆናል?»

«ይሳሳል።»

«ያ ነው!»

«ታዲያ ዘር ጨምርበታ!»

«ኮምፒውተሩ ከራሱ ፈጥሮ መጨመር ይችላል» አሉ ጋሽ ትዕዛዙ፣ «ግን የፈጠረው የአባባ ፈንታ ፊት አይሆንም።»

አክስቴ አልተበገሩም። ሰውየው ተሸንፈው የአባባ ፈንታን ፊት ግማሽ ብቻ በተጠየቀው ልክ ለሙከራ አተሙ። አክስቴ ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። ቡናማ ካሬ፣ ግራጫ ካሬ፣ ደግሞ ቡናማ ካሬ።

«የት ሄደ?» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ሁለተኛ ቀበርኩት እኮ!»

ጋሽ ትዕዛዙ ወረቀቱን ተቀብለው ወጡ። መንገዱን ተሻገሩና ከማዶው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው ከፍ አደረጉት። ካሬዎቹ ተዋሃዱ፤ ዐይን ሆኑ፤ ቅንድብ ሆኑ።

«ፈንታ!» ብለው ጮኹ አክስቴ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ከቅርብ የጠፋ ሰው ከሩቅ እንዴት እንደሚገኝ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአርባው ቀን በር የሚያህለው ፎቶ ከድንኳኑ ጫፍ ተሰቀለ። ጋሽ ትዕዛዙ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ደንቅረው፣ ማንም እንዳይጠጋ ዘብ ቆመው ዋሉ። ቄሱን እንኳ «አባቴ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» ብለዋቸዋል።

እንግዳው ሲሳሳ ወደ አክስቴ መጡና ከደረት ኪሳቸው አንድ ትንሽ ፎቶ አወጡ። ሁለት በሦስት ኢንች።

«ትልቁ ለሰው ነው፤ ይቺ የእርስዎ ናት።»

አክስቴ አስጠግተው አዩ። ከዚያ በጣታቸው አገጩን ነኩ። «ውይ! ጠባሳው! በቅሎ ረግጣው እኮ ነው። ሊያጨኝ ሲመጣ ‹ጦር ሜዳ ነው› ብሎ ዋሸኝ!»

ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ትዕዛዙ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

ባለፈው ሳምንት የማሳትመው ነገር ሳይኖረኝ ፎቶ ቤቱ ገባሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ፒክስል የሚሉት…» ብዬ ሳልጨርስ ወንበር አቀረቡልኝ። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ምንም አልገባኝም። ነገም እሄዳለሁ።