ጋሽ ዘመዶቿስ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አለ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋችሁ ካመለጠች አንገታችሁን ይዞ፣ ከእሷ ጋር ቤት የሚመቱትን በሙሉ ከነትርጉማቸው ሳይደረድርላችሁ የማይለቅ። "እኛ ጋ የለም" የሚል ካለ ይምጣና ከእኔ ጋር አንድ ቀን አንሶላ ይጠፍ። እናንተ ጋ ምናልባት ዘበኛው ይሆናል፣ ምናልባት ጸሐፊዋ። እኛ ሆቴል ግን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ሦስተኛው ማሽን አጠገብ ነው የተሾሙት። ክቡር ጋሽ ዘመዶቿስ!

ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፣ የሚጠራው ግን የለም። ቃል በሰሙ ቁጥር "ዘመዶቿስ?" ስለሚሉ በዚያው ቀረ። እኔ ልብስ ተኳሽ ነኝ። አንድ ቀን ካውያው ጣቴን ላጠኝና "ሆት!" ብዬ ጮኽኩ። ሰው የሆነ ሰው ውሃ ይዞ ይሮጣል አይደል? እሳቸው ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ሆት፣ ሙቅ። ዘመዶቿስ? ፖት፣ ድስት! ዶት፣ ነጥብ! ኖት፣ ቋጠሮ! በይ ድገሚ!"

"ጋሼ፣ ተቃጠልኩ እኮ!"

"ቁስል ይድናል። ቃል ግን ካመለጠ አይመለስም።"

ደገምኩ። ምን ላድርግ? ጣቴን በአፌ ጎርሼ "ኖት፣ ቋጠሮ" አልኩ። እስካሁን ሳስበው ቅጥል እላለሁ።

ደብተር አላቸው። በሳሙና ውሃ ብዛት አብጦ ትራስ አክሏል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። "ቃል ብቻዋን አትወለድም፣ ቃል ዘመድ አላት" ይላሉ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው። አብራን አንሶላ የምታጥፈው እትዬ ልጇ ርቃ አግብታ የሄደች ቀን ቁጭ ብላ "ሳድ ነኝ፣ ተዉኝ" ብትላቸው፣ "ሳድ፣ ያዘነ። ባድ፣ መጥፎ። ማድ፣ እብድ። ግላድ፣ ደስተኛ! አየሽ፣ ደስታም የዚያው ቤት ልጅ ናት" አሏት። እትዬ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሰሞን የክፍሉ ኃላፊያችን አዲስ ባርኔጣ አድርጋ ስትገባ ያደረጉት ከፊቴ አልሄደልኝማ። "ሃት፣ ባርኔጣ! ዘመዶቿስ? ካት፣ ድመት! ማት፣ ምንጣፍ!" ብለው ብለው፣ ያንን የሚያህል ሰውነት ፊት ለፊት እያዩ "ፋት፣ ወፍራም!" አሏት። የሳምንት እረፍታችን ድምጥማጡ ጠፋ። የሁላችንም!

ይሄ ሁሉ ግን ይቅር። ይቅር የማይባለውን ልንገራችሁ።

ላይ ቤት፣ እንግዳ መቀበያው ጋ አንድ ቦታ ክፍት ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ቦታ! መስኮት ያለው፣ ወንበር ያለው፣ የሰው ፊት የሚታይበት። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቴ ከሰባተኛ አላለፈም፣ ግን ስንት ሌሊት መስታወት ፊት ቆሜ "ዌልካም ሰር" ብያለሁ። ገባሁ። ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አስተካክላ፣ "እንግዳው የክፍሌ ውሃ ኮልድ ነው ቢልሽ ምን ትያለሽ?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ! ምላሴ ግን የእኔ አልነበረም።

"ኮልድ፣ ኦልድ፣ ጎልድ፣ ሶልድ፣ ፎልድ..."

ልገታው ብል እምቢ አለ። ሴትየዋ እስክታነባ ሳቀች። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ትሞክሪያለሽ፣ እስከዚያ ሰው ሁኚ" ብላ አስወጣችኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የጋሽ ዘመዶቿስን ማሽን ድርግም አድርጌ አጠፋሁት።

"እርስዎ ነዎት! እንጀራዬን የዘጉት እርስዎ ነዎት! ማን አስተምሩኝ አለዎት? ይሄን ሁሉ እንግሊዝኛ ካወቁ እስከዛሬ ምድር ቤት ምን ይሠራሉ?"

ደብተራቸውን ከፎጣው ክምር ሥር ከተው ማሽኑን መልሰው አስነሱ። በነጋታው "ዘመዶቿስ" የለም። በሦስተኛው ቀን ሆን ብዬ "ሆት!" ብዬ ብጮኽ እንኳ ዝም። የፈለግኩት ይሄንን አልነበር? ታዲያ ጆሮዬ ምን ሆኖ ነው ወደ ሦስተኛው ማሽን የሚያዘነብለው?

እትዬ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛ፣ "የመጨረሻዋን ባትያቸው ጥሩ ነበር" አለችኝ።

"ምኗን?"

"ምድር ቤት ምን ይሠራሉ ያልሽውን። እሳቸውም አንቺ የገባሽበት ክፍል ለቃለ መጠይቅ ገብተው ነበር፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት። የት ነው የምትኖረው ሲሏቸው ስትሪት የምትል ቃል ጠፋቻቸው። እንዲች ብለው ሳይተነፍሱ ቆመው ቀሩ። 'ለጊዜው ታች ቆይ' አሏቸው።"

ለጊዜው! ሃያ ሁለት ዓመት ለጊዜው! ደብተሩን አውጥቼ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ በጣት ብዛት ተልጧል። "ስትሪት፣ መንገድ። ሚት፣ መገናኘት። ሲት፣ መቀመጫ።" አንዷ ብትጠፋ እህቶቿ ፈልገው እንዲያመጡላቸው ነው ለካ! ያኔ ደሜ በሌላ በኩል ፈላ። አንዲት ቃል ለጠፋችው ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ይፈረዳል?

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ሶሪ" አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዘመዶቿን ሊጠሩ ነበር፣ ዋጡት። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ቀን ግን ሸሚዜ በእሳቸው እጅ ተተኩሶ ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ገባሁ። "እንግዳው ከጣሪያዬ ውሃ ይንጠባጠባል ብሎ ቢደውል ለጠጋኙ ምን ትያለሽ?" አለችኝ ሥራ አስኪያጇ። ቃሏ ጠፋች። ጭልጥ! ሴትየዋ ብዕሯን አነሳች። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ በሆዴ ደረደርኩ፦ ዊክ፣ ሳምንት። ስፒክ፣ መናገር። ሲክ፣ መፈለግ። ሊክ፣ ማፍሰስ!

"ሊክ!" አልኩ፣ ጠረጴዛውን ልመታው ምንም አልቀረኝም። የቀረውን ምላሴ ራሱ ተናገረው።

አሁን ላይ ቤት ነኝ፣ መስኮቱ ጋ። እሳቸው ግን አሁንም ታች ናቸው። ቦታ ሲከፈት ማመልከቻውን ጽፌ ወስጄላቸው፣ "ደብተሩ ሲያልቅ" ብለው መለሱልኝ። ደብተሩ የሚያልቅ መስሏቸው! ጨጓራዬን ላጡት።

በየጠዋቱ ወደ ታች እደውላለሁ።

"ጋሼ፣ ፎጣ ላኩልኝ፣ ስድስት።"

"ስንት?"

"ሲክስ!"

"ሲክስ፣ ስድስት። ዘመዶቿስ? ሚክስ፣ መቀላቀል! ፊክስ፣ መጠገን!"

"ጋሼ፣ እንግዳ ቆሟል እኮ! ኧረ ስልኩን ልዝጋው!" እላለሁ፣ እየጮኽኩ።

እንግዳ አልቆመም። ስልኩንም ዘግቼው አላውቅም።